ጠመንጃ ለመግዛት ስንት በር ይታለፋል? የአሜሪካ የቁጥጥር ሕግ ክርክርና የተዘነጋው የግዢ ሂደት

በአሜሪካ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በገበያ ማዕከል የጅምላ ግድያ በተፈጸመ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ አባባሎች ጎን ለጎን ይሰማሉ። አንደኛው “በዚያ አገር ማንም ሰው ሱቅ ገብቶ ጠመንጃ ይዞ ይወጣል” ሲል፣ ሌላው “ሕጉ ሞልቷል፤ የጎደለው ማስፈጸሙ ብቻ ነው” ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ይሁን እንጂ ክርክሩ “ይከልከል” እና “ይፈቀድ” በሚሉ ሁለት ቃላት መካከል ተወጥሮ ስለሚቀር፣ አንድ ሰው መሣሪያ ሊገዛ ሲሄድ ምን እንደሚጠየቅ፣ ማን እንደሚያጣራውና ማጣራቱ በየትኛው መዝገብ ላይ እንደሚመሠረት ሳይነሣ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ መነሻ አብዛኛው ውጤት የሚወሰነው በእነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ ነው የሚል ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የሕጉ አመጣጥ

በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገሮችን ያነሣል፤ በሥርዓት የተደራጀ ሚሊሻ ለነጻ መንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ መሆኑን፣ እንዲሁም ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ የማይጣስ መሆኑን። የመጀመሪያው ሐረግ የሁለተኛውን ወሰን ያጠብባል ወይስ ምክንያቱን ብቻ ይገልጻል የሚለው ሙግት ረጅም ዘመን ከቆየ በኋላ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 የሄለር መዝገብ ተብሎ በሚታወቀው ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ መብቱ የግለሰብ ነው ሲል ወስኗል። በዚያው ውሳኔ ግን በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች መሣሪያ እንዳይዙ የሚከለክሉና በንግድ ሽያጭ ላይ ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጡ ነባር ሕጎች በውሳኔው የማይነኩ መሆናቸው ተመልክቷል። መብቱ አለ፤ ግን ያለ ገደብ አይደለም ማለት ነው። ሁለቱ ወገኖች ይህን ውሳኔ ሲጠቅሱ እያንዳንዳቸው የሚመቻቸውን ግማሽ ብቻ የሚያነሡ መሆናቸው ክርክሩን ክፉኛ ጎድቶታል።

የፌደራል ሕጎቹም በአንድ ጊዜ ታቅደው የተጻፉ ሳይሆኑ ከየዘመኑ ድንጋጤ በኋላ እየተደራረቡ የመጡ ናቸው። የ1934ቱ ሕግ የአልኮል ክልከላው ዘመን ወሮበሎች ይታጠቁት የነበረውን መትረየስ በቀጥታ ከመከልከል ይልቅ በምዝገባና በጊዜው እጅግ ከባድ በነበረ የ200 ዶላር ግብር ሊገታው ሞከረ። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ በ1963 የተገደሉት በፖስታ ታዝዞ በመጣ ጠመንጃ ነበር፤ ሆኖም የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ ከተገደሉ ወዲህ ነው። እስከ ዛሬ የግዢው ሥርዓት አከርካሪ ይህ ሕግ ነው። በመሣሪያ ሽያጭ የሚተዳደር ሁሉ የፌደራል ፈቃድ እንዲያወጣ አስገደደ፤ መሣሪያ እንዳይሸጥላቸው የተከለከሉትን ሰዎችም በዝርዝር አስቀመጠ። ነገር ግን ገዢው ከዝርዝሩ ውስጥ አለመሆኑን በፊርማው ከማረጋገጡ በቀር ቃሉን የሚያጣራ የፌደራል አሠራር አልነበረም።

ያ ክፍተት የተሞላው በ1993 በወጣው የብሬዲ ሕግ ነው። ሕጉ የተሰየመው በ1981 በፕሬዚዳንት ሬገን ላይ በተሞከረው ግድያ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ለዕድሜ ልክ የአካል ጉዳት በተዳረጉት የፕሬዚዳንቱ የፕሬስ ኃላፊ በጄምስ ብሬዲ ነው። ሕጉ የኋላ ታሪክ ማጣራትን፣ ማለትም ገዢው መሣሪያ ከመረከቡ በፊት የወንጀልና መሰል መዝገቦቹ እንዲታዩ ማድረግን ግዴታ አደረገ። በኤፍ ቢ አይ የሚመራው ፈጣን የማጣሪያ ሥርዓት ሥራ የጀመረው በኅዳር 1998 ነው።

በሱቁ ውስጥ የሚሆነው

ፈቃድ ካለው ሻጭ የሚገዛ ሰው መታወቂያውን አሳይቶ ቁጥሩ 4473 የሆነ የፌደራል ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ከአንድ ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ተፈርዶበት እንደሆነ፣ ከፍርድ ሸሽቶ እንደሆነ፣ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ እንደሆነ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ አእምሮ ሕክምና ተቋም ገብቶ እንደሆነ፣ በትዳር አጋሩ ላይ ጥቃት በመፈጸም ጥፋተኛ ተብሎ እንደሆነና የመሣሪያው እውነተኛ ገዢ ራሱ መሆኑን ይጠይቃል። ሐሰት መጻፍ ከባድ ወንጀል ነው። ሻጩ የገዢውን ማንነት ለማጣሪያው ሥርዓት ያስተላልፋል፤ መልሱም ከሦስቱ አንዱ ይሆናል፤ ይቀጥል፣ ይቆይ ወይም ተከልክሏል። አብዛኛው መልስ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል። ሕጉ ከተተገበረበት ከ1994 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ውድቅ የተደረጉት ከጠቅላላው ማመልከቻ 1.5 በመቶ ገደማ ናቸው። ዕድሜን በተመለከተ የፌደራል ሕጉ ፈቃድ ያለው ሻጭ ረጅም ጠመንጃ ለ18 ዓመት፣ ሽጉጥ ደግሞ ለ21 ዓመት ሰው እንዲሸጥ ይፈቅዳል።

ዋናው ቁም ነገር ያለው “ይቆይ” በሚለው መልስ ውስጥ ነው። የማጣሪያው ሥርዓት መርማሪ አጠራጣሪ ነገር አይቶ ተጨማሪ ጊዜ ከፈለገ ሦስት የሥራ ቀናት ይሰጠዋል። በእነዚህ ቀናት ቁርጥ ያለ መልስ ካልመጣ ሻጩ መሣሪያውን ማስረከብ ይችላል። በሌላ አነጋገር መንግሥት ሳይመልስ ሲቀር ዝምታው እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። የዚህ ድንጋጌ ደጋፊዎች ገደቡ ባይኖር ኖሮ መንግሥት በማዘግየት ብቻ የዜጋን ሕገ መንግሥታዊ መብት ሊያሳጣ ይችል ነበር ይላሉ፤ ይህም ሊናቅ የሚገባው ሥጋት አይደለም። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ማጣራቱ የሚዘገየው በአብዛኛው መዝገቡ ውስብስብ በሆነባቸው፣ ስለዚህም የበለጠ ጥንቃቄ በሚያስፈልጋቸው ሰዎች ላይ መሆኑን ያስታውሳሉ።

መዝገቡ ሲጎድል

የማጣሪያው ሥርዓት ሊያውቅ የሚችለው የተነገረውን ብቻ ነው። የሚነግሩት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ፍርድ ቤቶች፣ የፖሊስ መምሪያዎች፣ የግዛት መሥሪያ ቤቶችና የጦር ኃይሉ ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 በፕሪንዝ መዝገብ የፌደራል መንግሥት የግዛት ሹማምንትን የራሱን የማጣራት ሥራ እንዲሠሩለት ማዘዝ አይችልም ሲል ወስኗል፤ በዚህም የተነሣ የግዛቶች መረጃ መላክ በአመዛኙ በፈቃደኝነትና በገንዘብ ማበረታቻ ላይ የተንጠለጠለ ሆኗል። ይህ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚያነሡት ደረቅ ነጥብ ይመስላል። የሚከተሉት ሦስት እልቂቶች ግን ጉድለቱ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል ያሳያሉ።

በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎችን የገደለው ተማሪ ቀደም ብሎ በ2005 ለራሱ አደገኛ ነው ተብሎ በዳኛ ትእዛዝ በተመላላሽነት እንዲታከም ተወስኖበት ነበር። ትእዛዙ በፌደራል ሕግ መሣሪያ ከመግዛት የሚያግደው ቢሆንም ወደ ማጣሪያው መዝገብ አልተላለፈም፤ ሁለት ሽጉጦችንም ማጣሪያውን አልፎ ገዛ። በ2015 በቻርልስተን ኢማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በተሰበሰቡ ምእመናን ላይ ተኩሶ ዘጠኙን የገደለው ወጣት ቀደም ሲል ከዕፅ ጋር በፖሊስ ተይዞ ዕፁ የእሱ መሆኑን ያመነ ነበር፤ መርማሪዋ ግን ማስረጃውን ከተሳሳተ የፖሊስ ቢሮ ስትጠይቅ ሦስቱ ቀናት አለፉ፤ ሽያጩም ተፈጸመ። በ2017 በቴክሳስ ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግድያ የፈጸመው ሰው ደግሞ የአየር ኃይል ባልደረባ ሳለ ሚስቱንና የእንጀራ ልጁን በመደብደብ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ነበር። አየር ኃይሉ ፍርዱን ለኤፍ ቢ አይ ባለማሳወቁ ሰውየው መሣሪያዎቹን ፈቃድ ካላቸው ሱቆች ገዝቷል። በ2021 አንድ የፌደራል ዳኛ ለጥፋቱ 60 በመቶ ኃላፊነቱ የመንግሥት ነው ሲሉ ፈርደዋል።

በሦስቱም አጋጣሚዎች ክልከላው በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ነበረ። ስለዚህ “ሕጉ ሞልቷል” የሚሉት ወገኖች እዚህ ላይ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ነገር ግን መከራከሪያው እስከ መጨረሻው ሲኬድበት ወደ ሌላ መደምደሚያ ያደርሳል። መዝገብ እንዲሟላ ገንዘብ፣ የሰው ኃይልና አስገዳጅ ድንጋጌ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ራሱ አዲስ ሕግ ማውጣትን ይጠይቃል። ኮንግረስም ከቨርጂኒያ ቴክ በኋላና ከሰዘርላንድ ስፕሪንግስ በኋላ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የመጀመሪያው ሕግ በጥር 2008፣ ሁለተኛው በ2018 ተፈርሟል። ሁለቱም ከሁለቱ ፓርቲዎች ድጋፍ አግኝተዋል፤ ሁለቱም ግን የወጡት ከቀብር በኋላ ነበር።

ማጣሪያው የማይደርስባቸው ሽያጮች

የፌደራል ሕጉ ማጣራትን የሚያስገድደው ፈቃድ ያለውን ሻጭ ብቻ ነው። በአንድ ግዛት ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ግለሰቦች በመካከላቸው ሲገበያዩ፣ ሻጩ ገዢው የተከለከለ መሆኑን እስካላወቀ ወይም ለመጠርጠር በቂ ምክንያት እስከሌለው ድረስ፣ ቅጽም ማጣራትም አያስፈልግም። በተለምዶ ይህ “የመሣሪያ ትርኢት ቀዳዳ” ይባላል፤ ስያሜው ግን ያሳስታል። በትርኢት ላይ የሚሸጥ ባለፈቃድ ነጋዴ እንደ ሱቁ ሁሉ የማጣራት ግዴታ አለበት፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው የሻጩ ማንነት እንጂ የሽያጩ ቦታ አይደለም። ካሊፎርኒያን የመሳሰሉ ግዛቶች የግለሰቦችም ሽያጭ በባለፈቃድ ሻጭ በኩል እንዲያልፍ በራሳቸው ሕግ አስገድደዋል። በሌሎች ብዙ ግዛቶች ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎች የሚያቀርቡት አኃዝ በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። የፍትሕ ሚኒስቴር የስታትስቲክስ ቢሮ በ2016 እስረኞችን ጠይቆ ባገኘው መረጃ መሠረት ወንጀሉን ሲፈጽሙ መሣሪያ ይዘው ከነበሩት ውስጥ 43 በመቶ ያህሉ መሣሪያውን ያገኙት ከመንገድ ወይም ከድብቅ ገበያ ሲሆን፣ ከመሣሪያ ትርኢት የገዙት 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። “ወንጀለኛ ቅጽ አይሞላም” የሚለው አባባል የሚደገፈው በዚህ ነው። ይሁንና ድብቅ ገበያ መሣሪያ አይፈበርክም። ወደዚያ የሚገቡት መሣሪያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም መጀመሪያ በሕጋዊ መንገድ የተሸጡ ናቸው፤ ከዚያ በስርቆት፣ ያለ ማጣራት በሚደረግ ሽያጭና በሽፋን ግዢ ይሻገራሉ። የሽፋን ግዢ የሚባለው ንጹሕ መዝገብ ያለው ሰው ለተከለከለ ሰው ብሎ በራሱ ስም ሲገዛ ነው። ስለዚህ የዚህ አኃዝ ትክክለኛ ትርጉም ማጣራት ከንቱ ነው የሚል ሳይሆን፣ በመጀመሪያው ሽያጭ ላይ ብቻ የቆመ ማጣራት ከሁለተኛውና ከሦስተኛው እጅ አይደርስም የሚል ነው።

በታኅሣሥ 2012 በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ከተገደሉ በኋላ ማጣራትን ወደ ትርኢትና በበይነ መረብ ወደሚተዋወቁ ሽያጮች ለማስፋት የቀረበው ረቂቅ በሚያዝያ 2013 በሴኔት 54 ድምፅ አግኝቶ ለማለፍ የሚያስፈልገውን 60 ሳይሞላ ወደቀ። ዘጠኝ ዓመት አልፎ በቴክሳስ ዩቫልዴ በአንድ ትምህርት ቤት 19 ተማሪዎችና 2 መምህራን በተገደሉ ማግስት፣ በሰኔ 2022 የተፈረመው ሕግ ሁሉን አቀፍ ማጣራትን ባያመጣም ሦስት ነገሮችን ለወጠ። ከ21 ዓመት በታች ያሉ ገዢዎች የልጅነት መዝገባቸው እንዲታይ እስከ አሥር የሥራ ቀናት ፈቀደ፤ የሽፋን ግዢን ራሱን የቻለና እስከ 15 ዓመት የሚያስቀጣ የፌደራል ወንጀል አደረገ፤ “በንግድ የተሰማራ” የሚለውንም ፍቺ አሰፋ፤ አዘውትሮ ለትርፍ የሚሸጥ ሰው “መተዳደሪያዬ አይደለም” ብሎ ከፈቃድ ግዴታ እንዳያመልጥ።

ማዕከላዊ መዝገብ ለምን የለም

በ1986 የወጣው ሕግ የፌደራል መንግሥት የመሣሪያዎችንና የባለቤቶችን ማዕከላዊ መዝገብ እንዳያቋቁም ከልክሏል። ግዢው ከተፈቀደ በኋላም የማጣሪያው ሥርዓት የገዢውን ማንነት የሚያሳየውን መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ መደምሰስ አለበት። ውጤቱ በሌላ አገር ላለ ሰው ለማመን የሚያስቸግር ነው። ፖሊስ ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ ያገኘውን መሣሪያ ባለቤት ለማወቅ ሲፈልግ በዌስት ቨርጂኒያ ማርቲንስበርግ የሚገኘው የክትትል ማዕከል ሠራተኞች ወደ አምራቹ፣ ከዚያ ወደ አከፋፋዩ፣ ከዚያ ወደ ሻጩ እየደወሉ ይጠይቃሉ፤ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ ከሆነ ያስረከባቸውን ወረቀቶች አገላብጠው ይፈልጋሉ። የወረቀቶቹ ቅጂ በኮምፒውተር ቢኖርም በገዢ ስም ሊፈለግ በሚችል መንገድ እንዳይደራጅ ተደርጓል።

የመዝገብ ተቃዋሚዎች ዛሬ የተመዘገበ ነገ ይወረሳል ብለው ይሠጋሉ። ይህ ሥጋት መነሻ የለውም ብሎ ማጣጣል ፍትሐዊ አይሆንም፤ በብሪታንያና በአውስትራሊያ መሣሪያዎች በካሳም ቢሆን ከባለቤቶች ተሰብስበዋልና። ነገር ግን ሌላውም ወጪ በግልጽ ሊቆጠር ይገባል። አንድ መሣሪያ ለሁለተኛ ሰው ከተላለፈ በኋላ የሚከታተለው መዝገብ በሌለበት ሁኔታ፣ የግለሰቦችን ሽያጭ ይጣራ የሚል ሕግ ቢወጣ እንኳ መጣሱን ማረጋገጥ እጅግ አዳጋች ነው። ሁሉን አቀፍ ማጣራትን የሚያቀነቅኑ ፖለቲከኞች ይህን ችግር ብዙ ጊዜ በዝምታ ያልፉታል።

የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው?

ከሌሎች አገሮች ጋር የሚደረገው ንጽጽር ብዙውን ጊዜ በመሣሪያ ብዛት ላይ ያተኩራል። ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው የምርምር ተቋም በ2017 ባወጣው ግምት በአሜሪካ ሲቪሎች እጅ ያለው መሣሪያ 393 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ይህም ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። የሂደቱ ልዩነት ግን ከዚያ ያላነሰ ትኩረት ይገባዋል። በአሜሪካ የፌደራል ሥርዓት ገዢው ብቁ እንደሆነ ይገመታል፤ ብቁ አለመሆኑን ማሳየት ያለበት መንግሥት ነው። በአውስትራሊያ ከ1996ቱ የፖርት አርተር ግድያ በኋላ በተደረገው ስምምነት ደግሞ አመልካቹ በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት፤ ራስን መከላከል በምክንያትነት ተቀባይነት የለውም፤ ከባለቤትነት ፈቃዱ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ የግዢ ፈቃድ ይጠየቃል። በጃፓን አመልካቹ ትምህርት ተከታትሎ የጽሑፍና የተኩስ ፈተና ያልፋል፤ በመጀመሪያም የሚፈቀድለት እንክብሎች የሚበትነው የአደን ሾትገን እንጂ ራይፍል የሚባለው ጠመንጃ አይደለም።

በአሜሪካም ውስጥ ወደዚህ የቀረበ አሠራር ያላቸው ግዛቶች አሉ። ኮኔቲከት ከ1995 ጀምሮ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ከመንግሥት የግዢ ፈቃድ እንዲያወጣ ታስገድዳለች፤ ሚዙሪ በአንጻሩ ለአሥርታት የቆየ ተመሳሳይ ሕጓን በ2007 ሽራለች። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፈቃድ ሕጉ በኮኔቲከት በመሣሪያ ከሚፈጸም ግድያ መቀነስ ጋር፣ መሻሩ ደግሞ በሚዙሪ ከመጨመሩ ጋር ተያይዞ መታየቱን ጽፈዋል። ተቺዎች ሁለት ግዛቶችን ብቻ መዝኖ የሌሎች ምክንያቶችን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ከባድ መሆኑን ይገልጻሉ፤ ትክክልም ናቸው። ማስረጃው የሣሣበት አንዱ ምክንያት ኮንግረስ በ1996 ለበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ የሚመድበው ገንዘብ የመሣሪያ ቁጥጥርን ለማራመድ እንዳይውል መከልከሉ ነው። በዚያ የተነሣ ከሁለት አሥርታት በላይ የፌደራል የምርምር ገንዘብ ከሞላ ጎደል ደርቆ የቆየ ሲሆን፣ ለዚህ ጉዳይ ተብሎ 25 ሚሊዮን ዶላር የተመደበው ለ2020 በጀት ዓመት ነው።

ስለ ቀናት የሚደረገው ክርክር

በ2021 በአሜሪካ በመሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ይህ አኃዝ በአደባባይ ክርክር ውስጥ ተገቢ ቦታውን አላገኘም፤ ካሜራዎች ወደ ጅምላ ግድያ ሲዞሩ ብዙው ሐዘን በየቤቱ ብቻውን ይቀራል። ስለ መቆያ ጊዜ፣ ማለትም ማጣሪያው ቢያልፍም ገዢው መሣሪያውን ከመረከቡ በፊት እንዲጠብቅ ስለሚያደርገው ሕግ፣ የሚነሣው ጥያቄ መታየት ያለበት ከዚህ አንጻር ነው። ሕይወትን የማጥፋት ፍላጎት ብዙ ጊዜ በድንገት ገንፍሎ የሚበርድ ስሜት ነው፤ በመሣሪያ የሚደረግ ሙከራ ግን ከሌሎች መንገዶች በተለየ ለመትረፍ ዕድል አይሰጥም። በመካከሉ ጥቂት ቀናት ማስገባት ማንንም ከመግዛት አይከለክልም፤ ስሜቱ እስኪያልፍ ጊዜ ይሰጣል። ካሊፎርኒያ አሥር ቀናት ታስጠብቃለች፤ የፌደራል ሕጉ ግን ምንም የመቆያ ጊዜ የለውም።

የተቃውሞው ሐሳብም በተመሳሳይ ክብደት መታየት አለበት። ከቤቷ ያባረረችው ባል “እገድልሻለሁ” እያለ የሚዝትባት ሴት አሥር ቀን የመጠበቅ ፋታ ላይኖራት ይችላል። አስቀድሞ አምስት መሣሪያ ላለው ሰውም ስድስተኛውን እንዲጠብቅ ማድረግ የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ አይደለም። ለመጀመሪያው ሥጋት የተፋጠነ ልዩ ፈቃድ ማዘጋጀት የሚቻል ይመስለኛል፤ ሁለተኛው ግን የመቆያ ጊዜ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ያሳያል። በቤት ውስጥ ያለውን መሣሪያ የሚመለከቱት ሕጎች ሌሎች ናቸው። አንደኛው መሣሪያ ከልጆች እጅ ርቆ እንዲቀመጥ የሚያስገድደው ሕግ ሲሆን፣ ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም ባደረገው ግምገማ በወጣቶች ላይ የሚደርሰውን ሞትና ጉዳት በመቀነስ ረገድ ጠንካራ ማስረጃ ከተገኘላቸው ጥቂት ፖሊሲዎች አንዱ ነው። ሌላው “ቀይ ባንዲራ” የሚባለው ሲሆን፣ ለራሱ ወይም ለሌላው አደገኛ ሆኗል የተባለ ሰው መሣሪያውን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጊዜው እንዲያስረክብ ያደርጋል። ፈር ቀዳጇ በ1999 ኮኔቲከት ነበረች፤ ፍሎሪዳም በ2018 በፓርክላንድ ትምህርት ቤት 17 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ በሪፐብሊካን አገረ ገዢዋ ፊርማ ተቀብላዋለች።

የፍርድ ቤቶች አዲስ መለኪያ

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የበታች ፍርድ ቤቶች አንድን የቁጥጥር ሕግ ሲመረምሩ የሕዝብን ደኅንነት ጥቅም ከመብቱ ጋር ይመዝኑ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2022 በብሩን መዝገብ ይህን ሚዛን ሽሮ፣ ሕጉ ከአገሪቱ የመሣሪያ አስተዳደር ታሪካዊ ልማድ ጋር የሚስማማ መሆኑን መንግሥት ያሳይ የሚል መለኪያ ተክቷል። በ2024 በራሂሚ መዝገብ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የእግድ ትእዛዝ የተላለፈባቸውን ሰዎች ትጥቅ የሚከለክለውን ድንጋጌ ሲያጸና፣ የጥንቱ ሕግ ቃል በቃል መንትያ መሆን እንደማይጠበቅበትና የመርህ ተመሳሳይነት እንደሚበቃ አብራርቷል።

ማብራሪያው ግን የበታች ፍርድ ቤቶችን፣ በተለይም እንደየአካባቢያቸው በቁጥር የሚጠሩትን የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች፣ ወደ አንድ አላመጣቸውም። ፈቃድ ያለው ሻጭ ከ18 እስከ 20 ዓመት ላሉ ወጣቶች ሽጉጥ እንዳይሸጥ የሚከለክለውን የ1968ቱን ድንጋጌ በ2025 አምስተኛው የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ሲል፣ አራተኛው በዚያው ዓመት ይስማማል ብሏል። ኒው ሜክሲኮ በ2024 ያወጣችው የሰባት ቀን መቆያ ሕግም በነሐሴ 2025 በአሥረኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአብላጫ ድምፅ ሕገ መንግሥታዊነቱ ሳይጸና ቀርቷል። በዚህ መለኪያ ዳኞቹ በቅድሚያ የሚጠይቁት ሰባቱ ቀናት ስንት ሰው ያተርፋሉ የሚለውን አይደለም፤ የአገሪቱ መሥራቾች ዘመን ሰዎች ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ገደብ ያውቁ ነበር ወይ የሚለውን ነው። የኮምፒውተር ማጣሪያም ሆነ ዛሬ ባለበት መልኩ የተደራጀ የመሣሪያ ንግድ ባልነበረበት ዘመን ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ መፈለግ፣ የግዢው ሂደት ከሚቀጥሉት ዓመታት ሙግቶች ዋነኛው የሚሆንበት ምክንያት ነው።